ምራቴ ስሜን እንድትጠራ ስለተጠየቀችበት ሦስተኛው መስኮት

ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለቀልጣፋ የደብዳቤና የጥቅል ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ የማዕከሉ ሠራተኞችም፣ መስኮቱም ማኅተሙም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ከእናንተ ወረፋ በፊት ደህና ነበር። ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና ወንበርዎን ያጽናልዎ። ለወንበርዎ አጥብቄ የምጸልየው አለምክንያት አይደለም፤ በአምስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሼ ከእርስዎ ያየሁት እሱን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ባዶውን፣ ኮትዎን ለብሶ።

ራሴን ላስተዋውቅ። አክሊሉ ሻሜቦ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ በማዕከላችሁ የአርባ ሰባት ቁጥር ሳጥን ተከራይም ነኝ። ስሜን ከነአባቴ አሟልቼ የጻፍኩት ለመኩራራት አይደለም፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ይኸው ስም በመሆኑ ነው።

ነገሩ የጠፋ ደብዳቤ ነው። ሐዳሳ የምትባለው ምራቴ፣ የልጄ የሆሴዕ ሚስት፣ በፎንቆ አቅራቢያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ በተገኘው ትመለሳለች፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ባልደረቦቿ እግራቸውን ዘርግተው ሲያርፉ እሷ ሁለት ልጆቿን ለባለቤቴ ለገነቴ ትታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። ዘንድሮ በአንድ የመምህራን ኮሌጅ ለአስተማሪነት ተወዳድራ አንደኛ ወጣች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ የሚላክ፣ ያልተከፈተ፣ የታሸገ የውጤት ማስረጃ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚሉት። ዩኒቨርሲቲው ይህን ለባለጉዳይ በእጅ አይሰጥም፤ በአደራ ደብዳቤ ብቻ ይልካል። ኮሌጁ ደግሞ እስከ ዓርብ ሰኔ 13 ካላቀረበች ቦታውን ሁለተኛ ለወጣው ሰው ይሰጣል። ፖስታው በእሷ ስም፣ በእኔ ሳጥን አድራሻ፣ ሚያዝያ 27 ቀን በደህና ማዕከላችሁ ገብቷል። መግባቱን በማሳወቂያ ወረቀት ስለገለጻችሁልን ከልብ እናመሰግናለን፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሰማነው ደህና ወሬ የለም።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ፤ አንዳንዱ ቢረዝም የመምህርነት አመል ነውና ይታገሡኝ።

፩. በሦስተኛው መስኮት ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «የአደራ ደብዳቤ የሚረከብ ተገልጋይ በግንባር ቀርቦ የሳጥኑን ባለቤት ሙሉ ስም በአንደበቱ ይናገራል» ይላል። የሰው ደብዳቤ በሌባ እጅ እንዳይገባ የታሰበ መሆኑን ስለተረዳሁ ጥበቃችሁን አደንቃለሁ፤ ይኸው ደብዳቤያችን በሌባም በባለቤቱም እጅ ሳይገባ ቀርቷል።

እርስዎ ከሩቅ ተመድበው እንደመጡ ስለሰማሁ ግን አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ በሀዲያዎች ቤት፣ በከምባታ ጎረቤቶቻችንም ዘንድ እንዲሁ፣ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም። አክብሮት ነው። ጥብቅ የሆኑት እናቶች ደግሞ በስሙ መነሻ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ይሸሹታል። የእኔ አባት ሻሜቦ ስለነበሩ ገነቴ በትዳራችን አርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ሻይ» ብላ አታውቅም፤ «ያንን ትኩሱን ላምጣልህ?» ትላለች። ሻማ ሲያስፈልጋት «የሚበራውን ስጡኝ» ትላለች፤ የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉ ያውቅላታል። አዲሱ ትውልድ ብዙውን ትቶታል። ሐዳሳ ግን አክስትም ትላለች፣ አክሱምም ትላለች፣ ስሜን ብቻ አትጠራም። ማንም አላስገደዳትም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

፪. ሐዳሳ ፖስታው በገባ ማግስት መታወቂያዋንና የማሳወቂያ ወረቀቷን ይዛ ቀረበች። የመስኮቱ ሠራተኛ አቶ ረሻድ፣ ትሕትናው ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚተርፍ ጎልማሳ፣ ሳጥኑ የማን እንደሆነ ጠየቃት። የአባታችን ነው አለች። የትኛው አባታችሁ ቢላት የባለቤቴ አባት አለች። ስማቸው ማን ነው ቢላት ስሙን ዘለለችው። ቀጥላም ጡረተኛው መምህር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት፣ ረጅሙ፣ በከዘራ የሚሄዱት፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋው፣ የልጆቼ አያት ብላ ዘረዘረችኝ። በዚህ ልክ አሟልቶ የገለጸኝ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም፤ ፖሊስ ቢፈልገኝ በአምስት ደቂቃ ይይዘኝ ነበር። አቶ ረሻድ ግን መዝገቡ ላይ «ተቀባይዋ የሳጥኑን ባለቤት አታውቅም» ብሎ ጻፈ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ግቢ የኖረች፣ ሽሮዬ ላይ ስንት ቃሪያ እንደምፈልግ ሳልነግራት የምታውቅ ልጅ አታውቀኝም ማለት ነው። ስላሳወቃችሁን እግዜር ይስጥልን።

፫. በሦስተኛው ቀን ስሜን በወረቀት ጽፋ ሄደች። እጅ ይጽፋል፣ ዓይን ያነባል፤ የተከለከለው አፍ ብቻ ነው። የተሰጣት መልስ ማስታወቂያው «በአንደበት» እንጂ «በእስክሪብቶ» አይልም የሚል ነበር። የእኔን መታወቂያ ኮፒ አወጣች። አቶ ረሻድ ፎቶዬን አገላብጦ አየና ስሜን ከነአባቴ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያም በሉ አሁን እርስዎ ይድገሙት አላት። ስሙን ማዕከሉ ያውቀዋል፣ ሐዳሳም ታውቀዋለች፤ ሁለት የሚያውቁ ወገኖች ተፋጥጠው ከረፋድ እስከ ምሳ ሰዓት ቆሙ።

፬. የዚያን ዕለት እኔ ጉልበቴ ስላስቸገረኝ ከማዕከሉ ፊት ለፊት ባለው በፈትሁዲን ሱቅ ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። ፈትሁዲን ደግ ሰው ስለሆነ ሚዛኑን ትቶ ሊረዳት ገባ፤ ሳጥኑ የአክሊሉ ሻሜቦ ነው፣ ካስፈለገ እኔ እምልላታለሁ አለ። ከዚያ ወረፋው በሙሉ ተነሣ። ከጃጁራ ለገበያ የመጡ ሽማግሌ ጠሩኝ፣ የጥበቃው ሠራተኛ ጠራኝ፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ በዜማ ጠራኝ። እኔ ሱቁ ውስጥ ሆኜ ሠላሳ የሚያህል ሰው ስሜን ሲጮኽ ስሰማ ወይ ሞቻለሁ፣ ወይ ዕጣ ወጥቶልኛል አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ስሜን ያልጠራች አንዲት ሰው ሐዳሳ ብቻ ነበረች፤ ደብዳቤውን መረከብ የምትችለውም አንዲት ሰው እሷው ብቻ ነበረች።

እዚህ ላይ ባሏ ሆሴዕ ለምን የአባቱን ስም ጠርቶ አይወስድላትም የሚል አንባቢ ይኖራል። ሆሴዕ ዱራሜ ሥራ ላይ ነው፤ ቢመጣም ፖስታው ላይ የተጻፈው የእሷ ስም ስለሆነ አይሰጠውም። ይህንንም ጠይቀን በትሕትና ተከልክለናል።

፭. ስለዚህ ግንቦት 4 ቀን እኔና እሷ አብረን መጣን። የሳጥኑ ባለቤት እኔ ነኝ፣ አክሊሉ ሻሜቦ፣ ይኸው መታወቂያዬ አልኩ። አቶ ረሻድ እንኳን ደህና መጡ ብሎ ቆሞ ተቀበለኝ፤ ወዲያው ወደ ሐዳሳ ዞሮ እኒህ ሰው ማን ይባላሉ ሲል ጠየቃት። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ዘመኑም ገብቶኛል፤ ልጄ ፈቅጄልሻለሁ፣ ጥሪውና እንሂድ አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እንዳታፍር ብዬ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ጆሮዬንም ያዝኩ። አላፊ አግዳሚው ይሄ ሽማግሌ ምን ነካው እያለ አየኝ እንጂ አልጠራችኝም።

ስመለስ የባሰ ነገር ጠበቀኝ። አቶ ረሻድ ከሌላ ሠራተኛ ጋር መክሮ፣ እኔ በእሷ ፊት ስሜን ስለተናገርኩ መልሱ ቀድሞ ወጥቷል፣ አሁን ብትጠራውም አይቆጠርላትም፣ ከአምስት የሥራ ቀን በኋላ ተመለሱ አለን። የተከበሩ ኃላፊ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር አንድ ፈተና አሾልኬ አላውቅም። በጡረታዬ የገዛ ስሜን ለገዛ ምራቴ አሾልከሃል ተብዬ ተከሰስኩ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር ስላሳያችሁኝ ውለታችሁን አልረሳም።

፮. ከአምስት የሥራ ቀን በኋላ ስንመጣ ፖስታው መደርደሪያው ላይ አልነበረም። ውሃ በላው። መጀመሪያ፣ መምህርቷ ፎንቆ ስለምትሠራ ወደ ፎንቆ ተልኮላት ይሆናል ተባልን፤ ፎንቆ ሄድን፤ ማዕከላችሁ ፎንቆ ላይ ቅርንጫፍ እንደሌለው የፎንቆ ሰዎች ነገሩን። ቀጥሎ ወደ ላኪው ተመልሷል ተባለ፤ ላኪው ደወልንለት፣ አልመጣልኝም አለ። በመጨረሻ «በሂደት ላይ ነው» ተባልን። እኔ ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት፤ ይህ ሂደት የሚባለው ስፍራ ከሆሳዕና በየት በኩል እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ቢገለጽልኝ በሚኒባስ ሄጄ ባመጣሁት።

፯. የጠፋ ደብዳቤ ማመልከቻ ቅጽ ተሰጠን። ሦስተኛው ጥያቄ «በፖስታው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል ይግለጹ» ይላል። ፖስታው የታሸገ ነው፤ ቢከፈት ዋጋ የለውም። ሐዳሳ «አላየሁትም» ብላ ሞላች። የቅጹ መልስ በአሥር ቀን ውስጥ እንደሚደርሳት ተነገራት። ደረሰም፤ በዚህ አላማችሁም። የደረሰው ግን በአደራ ደብዳቤ ነው፣ በአርባ ሰባት ቁጥር ሳጥን በኩል፣ በሦስተኛው መስኮት። ማመልከቻውን የተቀበለው ክፍል ከመስኮቱ አምስት እርምጃ ይርቃል፤ እኔ ለክቼዋለሁ፣ በእኔ ጉልበት ሰባት ነው። አንድ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ ተመዝግቦ፣ ታሽጎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ አምስት እርምጃ ተጉዞ እኛን ስም እስክንጠራ ይጠብቀን ጀመር።

፰. ይህን ቁጥር ስጽፍ ቀልዱ ከእጄ ይወድቃልና ይቅርታ ይደረግልኝ።

ባለፈው ሰኞ ሰኔ 2 ቀን ሐዳሳ ለማናችንም ሳትነግር ብቻዋን ወደ ማዕከላችሁ መጣች። የነገረኝ ፈትሁዲን ነው። ትራንስክሪፕቱ ተገኝቶ በዚያ የመልስ ፖስታ ውስጥ ተልኮልኝ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ምሳ ሰዓት ተቃርቦ ሰው እስኪቀልል ጥግ ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ መስኮቷ ቀዳዳ ጎንበስ አለችና ስሜን ጠራች። ከነአባቴ። አቶ ረሻድ «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ፣ እስካሁን ምን አስቸገረዎት?» ብሎ አጨበጨበላትና ፖስታውን ሰጣት። በረንዳ ላይ ከፈተችው። ውስጡ አንድ መስመር ነበር፤ «ፍለጋ ተደርጎ ደብዳቤዎ ስላልተገኘ፣ ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሐዳሳ እኔ ባለሁበት አትቀመጥም። ምግቤን ለልጆቿ አስይዛ ትልካለች። ትናንት በር ላይ ተገጣጠምን፤ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ አሳለፈችኝ። ምንም አልበደለችኝም። ይህንን ልነግራት ብፈልግም እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም፣ እኔ ራሴ ጥሪው እያልኩ የወተወትኳት ሰው ነኝና። ጥሪው ያልኳት ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ለእኔ ያቆየችልኝ ነገር እንደነበረ የገባኝ እናንተ ከወሰዳችሁባት በኋላ ነው። ተናድጃለሁ፤ አንጀቴ አርሯል። በእናንተም በራሴም።

ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲው አዝኖልን ሁለተኛ ቅጂ ልኳል፤ እንደ ደንቡ በአደራ ደብዳቤ፣ በአርባ ሰባት ቁጥር ሳጥን። ማክሰኞ ሰኔ 10 ይደርሳል ተብሏል። ኮሌጁ የሚዘጋው ዓርብ ነው። ሐዳሳ ለገነቴ የነገረቻት ይህ ነው፤ «አንዴ ጠርቻለሁ፣ ድጋሚ አልጠራም፤ ቦታው ይቅርብኝ።» ታደርገዋለች፤ እኔ አውቃታለሁ። አራት ክረምት የለፋችበትን ትታ ነገ ጠዋት ወደ ፎንቆ ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ለአንደኛ ክፍል ልጆች ቁጥር ታስቆጥራለች።

የሳጥኑን ባለቤትነት ወደ እሷ ስም ላዛውር ብዬ ጠይቄ ነበር። ባለቤቱ በሕይወት እያለ አይቻልም፣ ሲሞት ግን ወራሽ ያለ ምንም ጥያቄ በሞት ምስክር ወረቀት ብቻ ትረከባለች ተባልኩ። ይህን መንገድ ስላመላከታችሁኝ አመሰግናለሁ፤ እስከ ማክሰኞ እንዳልደርስበት እፈራለሁ እንጂ ለአንድ ትራንስክሪፕት ሲባል ሐሳቡን አልናቅሁትም። እስከዚያው ግን ማክሰኞ ጠዋት መታወቂያዋን አይታችሁ፣ ፊርማዋን ተቀብላችሁ፣ ፖስታዋን ስጧት። ሌላ ምንም አልጠይቅም። የፈለጋችሁትን ያህል ስም እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ እጠራላችኋለሁ፤ የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን፣ እስከ ሰባት ቤት።

ከወረፋው መጨረሻ፣ በከዘራዬ ተደግፌ፣ ለወንበርዎም ለኮትዎም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፤

አክሊሉ ሻሜቦ
(ይህን ስም ከአንዲት ሴት በቀር ማንም እንደፈለገ ሊጠራው ይችላል)

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ ዋና በር (በሙጫ)
ለፈትሁዲን ሱቅ መስታወት
ለባጃጅ ተራው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በስምዎ ላደርገው አስቤ ነበር። ስለዚህም ትናንት ከአቶ ረሻድ ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ እታለም ድረስ ስድስት ሠራተኞችዎን የኃላፊያችሁ ስም ማን ይባላል ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ግራ ቀኝ አይቶ «ኃላፊው» አለኝ። ሌላው «አለቃችን» አለኝ። ሦስተኛው «እሳቸው» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አቶ ረሻድ በአገጩ ወደ በርዎ ጠቆመኝ። እታለም መጥረጊያዋን ይዛ ሸሸች። ስድስተኛው ስምዎን በወረቀት ጽፎ አሳየኝና ወረቀቱን ወዲያው ቀደደው። በዚህ ማዕከል እንዲህ የሚከበሩ አማት መሆንዎን አላወቅሁም ነበር። እንግዲያው ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ከስድስቱ አንዱ የእርስዎን ሙሉ ስም በዚያች ቀዳዳ ጮክ ብሎ ይጥራ፤ ከዚያ በኋላ ሐዳሳን ጠይቋት።